ይታወቃል እኮ

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ የንስሐ አባታችን ባቄላ አስቆጠሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ጠበል ረጭተው ቡና እየጠጡ ሳለ እኔና ታናሽ ወንድሜ በአንዲት እርሳስ ተጣላን። አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ «ጊዮርጊስን አልወሰድኩም»፣ «ማርያምን እሱ ነው የደበቃት»፣ «እናቴ ትሙት» ብዬ ጨረስኩ። እናቴም ሳትሞት ቶናውን ቀዳች። አባ ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «አንች ልጅ፣ ነገ ጧት ባቄላ ቀኝ ኪስሽ ውስጥ ያዥ። በማልሽ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪስሽ አዙሪ። ማታ ቆጥረሽ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ።

ሃያ ባቄላ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ገና ለእረፍት ሳንወጣ አለቁብኝ። የቀረውን በጠጠር ያዝኩ። ማታ ሲቆጠር 31 ሆነ። ከ31ዱ ስንቱ ውሸት እንደነበር አባ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ አብዛኛው እውነት ነበር እላቸው ነበር። እኔንም የገረመኝ ይኼው ነው፤ የቤት ሥራዬን መሥራቴን ለመናገር ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ለምን ይመጣል?

ሞጣ ያደገ ሰው ይገባዋል። ጊዮርጊስ ለኛ የከተማው ባለቤት ነው። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ወር በገባ በ23 ቀን የእናቶች ነጭ ነጠላ መንገዱን ይሞላዋል፤ ሚያዝያ 23ማ አይወራም። ታዲያ ሌት ተቀን ስሙን የሚጠራ ከተማ ውስጥ «ጊዮርጊስን» ማለት መሐላ መሆኑ ይቀርና ነጠላ ሰረዝ ይሆናል። «ጊዮርጊስን ርቦኛል።» «ጊዮርጊስን ዛሬ አይዘንብም።» ሰማዕቱ ዝናብ ይዘንባል አይዘንብም በሚለው ክርክር ውስጥ ምን አገባው?

አያቴም አለች። እንግዳ ስታበላ «በሞቴ» ትላለች፣ «አፈር ስሆን» ትላለች፤ በአንድ ገበታ ላይ አሥር ጊዜ ትሞትና ከመቃብር ተነሥታ ደግሞ ታጎርሳለች። እሷን «ከንቱ ማለች» የሚል ካለ ከኔ ጋር ይጣላ። የቆሎ ተማሪውም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጃችን ሲቆም የእመቤታችንን ስም ለቁራሽ እንጀራ ነው የሚጠራው፤ ያንን ስም በከንቱ መጥራት ነው ያለ ሰው እኔ አላውቅም። ስሙ ለዳቦ ሲሆንና ለክርክር ሲሆን ልዩነት እንዳለው ልጅም ሆኜ ይሰማኝ ነበር፤ መናገር ግን አልችልም ነበር።

አባ ባቄላውን ካስቆጠሩኝ በኋላ ማቴዎስ ምዕራፍ 5ን እንዳነብ ነገሩኝ። የተራራው ስብከት ላይ ጌታ የሚከለክለው የሐሰት መሐላን ብቻ አይደለም፤ ጭራሽ አትማሉ ነው የሚለው፤ በሰማይም፣ በምድርም፣ በራሳችሁም። አዎ ስትሉ አዎ ይሁን፣ አይደለም ስትሉም አይደለም። ያኔ የገባኝ «ጌታ መሐላ አይወድም» የሚለው ብቻ ነበር። በኋላ ነው ሌላው የገባኝ። እኔ «ጊዮርጊስን» ባልኩ ቁጥር፣ ሳልምል ያልኩት ሁሉ ርካሽ መሆኑን እኔው ራሴ እየመሰከርኩ ነው።

የድሮ ሰው መሐላን እንደኛ አይበትነውም ነበር። ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት በንጉሡ ዘመን መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲጣላ አንዱ «በኃይለ ሥላሴ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆማል። ከዚያ በፊት «ምኒልክ ይሙት» የሚል መሐላ ነበር፤ በንጉሥ ስም ምሎ መዋሸት ደግሞ እዳ አለው። እስከ ዛሬም «በሕግ አምላክ!» የሚል ቃል ተርፎልናል። እስቲ አስቡት፤ ዱላ ያነሣ ሰውን በሁለት ቃል ማቆም። ቃል ይህን ያህል ጉልበት የነበረበት አገር ነው። እኛ ያንን ጉልበት ለእርሳስ አወጣነው።

አሁን ስለ አንድ ባለ ሱቅ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ ልበላቸው፤ የምጠራቸውም እንዲያው ነው። ሙስሊም ናቸው። ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርማችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተቆረጠው ከሳቸው ጣቃ ነው፤ አብዛኛውንም ጊዜ በዱቤ። ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ነበራቸው፤ የእናቴ ስም ገጽ ሙሉ ይዟል።

እናቴ ዋጋ ስትከራከር፣ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው «በጊዮርጊስሽ ይሁንብኝ፣ አላተርፍበትም!» ይሏታል። በጊዮርጊስሽ! ሁሌም ትስቃለች። አንድ ቀን እንዲህ አለቻቸው፦

«ምነው የራስዎን አይጠሩም?»

«የኔን በጨርቅ አላወጣውም» አሉ፤ እየሳቁ። «ያንች ግን ልማድሽ ነው ብዬ ነው።»

እናቴ እስከ ቤት ድረስ ስትስቅ ሄደች። እኔ ግን ትንሽ አፈርኩ። «ወላሂ» ሲሉ የሰማኋቸው አንዴ ብቻ ነው፤ ሰው ሞቶ ሳይሰሙ ቀርተው ቤተሰቡን ይቅርታ ሲጠይቁ። ያን ቀን የሚያለቅሱት ሰዎች ዝም ብለው አመኗቸው። የተቆጠበ ቃል እንዲያ ነው፤ ስታወጣው ይመነዘራል።

ስለ ጎጃም ንግግር ስጽፍ ቅኔን ሳላነሣ ብሄድ አጎቴ አይምረኝም። ከቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ነው፤ በኋላ ጥሎት አስተማሪ ሆነ። ዲማ ማለት ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ወርቅ ጋር የተማሩበት ቦታ ነው፤ አጎቴ ይህን በየሰርጉ ሳያነሣ አይቀመጥም። ለሱ ቀጥ ያለ ንግግር የማገዶ እንጨት ነው፤ ሰም አለበት፣ ወርቅ አለበት፣ ኅብሩ አለ። ሰው ሲሰድብ ተሰዳቢው አመስግኖ ይሄድና ቤቱ ሲደርስ ነው የሚበግነው። ስንት ጊዜ እያየሁት ሳቄን አፍኛለሁ!

ቅኔ እወዳለሁ። ግን አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ተይዘህ ስትጠየቅ «እኔ እኮ ሰሙን ነው ያልኩት» ማለት ይቻላል። ወርቁን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ እኔ ምን አልኩ?

ይኸው አጎቴ ነው አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ «አሉ» ብሎ ጽፎ «አንብቡ» ያለን። ግማሹ ክፍል አላልቶ አነበበው፣ እነ እገሌ ተናገሩ እንደማለት። ግማሹ አጥብቆ፣ እነ እገሌ ይገኛሉ እንደማለት። ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ አይለይም። «ሲላላ ወሬ ነው፣ ሲጠብቅ ሰው ነው» አለ አጎቴ፤ ከዚያም ወደ ሰዋስዉ ገባ። ያኔ ለፈተና ነው የያዝኩት።

የላላው «አሉ» ግን የሞጣ ኑሮ ራሱ ነው። ተረት «ነበር አሉ» ብሎ ይጀምራል። የሰርግ ወሬ፣ የመሬት ክርክር፣ የገበያ ዋጋ፣ የማን ልጅ አዲስ አበባ ገብታ ምን ሆነች፤ ሁሉም በ«አሉ» ነው የሚሄድ። አሉባልታ የሚለው ቃል ራሱ «አሉ» ብሎ ይጀምራል። «አሉ» ያለ ሰው አይዋሽም። አይምልም፣ አይሳደብም፣ አያማም እንኳ። ዝም ብሎ ያቀብላል። ባቄላ የቆጠርኩ ቀን ስንት «አሉ» እንዳልኩ አልቆጠርኩም፤ ማን ቁጠሪ አለኝና! ለንስሐ ስቀርብም መሐላን፣ ቁጣን፣ ሐሜትን፣ ውሸትን ተናዝዣለሁ። «አሉ» ብያለሁ ብዬ አላውቅም። ኃጢአት መሆኑን የነገረኝ የለም።

ይህን ስል ቃሉን ልኮንነው አይደለም። ባለፉት ዓመታት ክልላችን ጦርነት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ጠፍቶ ስልክ ተቆራርጦ የሚከርምበት ጊዜ አለ፤ መስመር ሲገኝ እናቴ የምትነግረኝ ሁሉ በ«አሉ» ያልቃል። «መንገዱ ተዘግቷል አሉ።» «በዚያ በኩል አትለፉ አሉ።» እንዲህ ያለው «አሉ» ሰው ያድናል። ዝም በሉ ማለት ለኛ መልስ አይሆንም። ግብፅ በረሃ የነበሩት አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምዱ ሦስት ዓመት አፋቸው ውስጥ ድንጋይ ይዘው እንደኖሩ ይነገራል። እሳቸው ግን ገበያ አይወጡም፣ ልጅ ትምህርት ቤት አይልኩም፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጎረቤት አይጠይቁም። እኛ በድንጋይ አንኖርም።

ወደ ዓርቡ ልመጣ ነው። እስካሁን የዞርኩት እሱን ፈርቼ ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ባሕር ዳር ተማሪ ነኝ፤ ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጬ ሽሮ በዳቦ እየበላሁ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሥጋም ወተትም አፌ አልገባም፤ ያንን በደንብ ጾሜያለሁ። የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ጊዮርጊስ እሳት ተነሣበት አሉ!» አለችኝና መስመሩ ተቋረጠ።

እኔ የተጠመቅሁት እዚያ ነው። አያቴ የተቀበረችው እዚያ ነው። ሳላስብ ስልኬን ከፍቼ የሞጣ ልጆች ያለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። «ጊዮርጊስ እየተቃጠለ ነው አሉ።» የሚያለቅስ ፊት ጨመርኩበት። ወዲያው መልስ ጎረፈ። አንዱ «ማነው ያቃጠለው?» ብሎ ጠየቀ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ጣቴ ቆም እንኳ አላለም።

«ይታወቃል እኮ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ቃል። ስድብ የለበትም። መሐላ የለበትም። የማንም ስም የለበትም፤ የሃይማኖት ስምም የለበትም። አጎቴ ቢያየው ያደንቀው ነበር፤ ሰሙ ብቻ ነው የተጻፈው፤ ወርቁን ያንባቢ ልብ ያወጣዋል። አወጡትም። ከኔ ቀጥሎ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም።

ያን ቀን ሞጣ ውስጥ አራት መስጊዶች ተቃጠሉ። የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ፣ ነደዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ላይ እሳት ታየ፣ ጠፋም ተብሏል። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ስለ እሳቱ የምመሰክረው የለኝም። «ይታወቃል እኮ» በሚለው ላይ ግን ምስክር ነኝ፤ ምክንያቱም አይታወቅም ነበር። ቢያንስ እኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የአክስቴ ልጅ መደንገጧንና እኔ መደንገጤን።

ማታ እናቴ ደወለች። ስለ ጎዳናው ነገረችኝ፤ በመጨረሻ ድምጿን ቀንሳ «የጋሼ ሱቅም» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። የስልኩ ብር እስኪያልቅ ዝም አልን ማለት ይቻላል።

ሞጣን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ እያልኩ አይደለም። ያ ደግሞ ሌላ ትዕቢት ነው። ክብሪት የያዘው ልጅ የኔን ግሩፕ አያውቀውም፤ ቴሌግራም እንዳለውም እንጃ። ግን በዚያ ቀን የተናገረ ሁሉ እንደኔ «እኔ አላነደድኩም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ሁላችንም አቀባዮች ነበርን። በአቀባይ የተሞላ ከተማ ውስጥ ጀማሪውን ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ምላስን ከእሳት ጋር ያስተያያል፤ ትንሽ እሳት ትልቅ ጫካ እንደሚያነድ። ብዙ ጊዜ ሲሰበክ ሰምቼው ምሳሌ ይመስለኝ ነበር። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ደግሞ ገና ሲጀምር የሐሰት ወሬ እንዳንቀበል ያዛል። አትናገር ብቻ አይደለም፤ አትቀበል! ይህን ስብከት ላይ ሰምቼው አላውቅም። ሳንቀበል እኮ ማቀበል አይቻልም። ሕጉም ዘግይቶ መጣ፤ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ምክር ቤቱ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የሚያሰራጨውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው የሚያሰራጨውንም ይጨምራል። «ማወቅ ሲገባው» የምትለዋ ላይ ቆየሁ። የኔን ሁለት ቃል ግን የትኛው ዐቃቤ ሕግ ይከሳል? ምን ተብሎ?

ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ገና በ28 ዋለ። ቤት ገባሁ። ጎዳናው ላይ የጠቆረ ቆርቆሮ አለ፤ ሰው እያየው አያየውም፤ ሰላምታው አጥሯል። ዋዜማው ቀን ንስሐ ልገባ አባ ዘንድ ሄድኩ። መሐላውን፣ ቁጣውን፣ የተለመደውን ሁሉ ዘረዘርኩ፤ እሱ ይቀላል። በመጨረሻ «አባ፣ አንድ ነገር ጽፌ ነበር» አልኳቸው።

ሰሙኝ። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ብዙ ቆዩ።

«እሳት ተነሣ ያለሽ ማን ነው?»

«የአክስቴ ልጅ።»

«ለሷስ ማን ነገራት?»

«አላውቅም አባ። አሉ ነው ያለችኝ።»

«እነማን አሉ?»

መልስ የለኝም። አባም እንደማይኖረኝ ያውቃሉ።

ስግደት ሰጡኝ። ብዙ ነው፤ ቁጥሩን አልናገርም። ልነሣ ስል ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ይኸ ስግደት የእግዚአብሔር ድርሻ ነው። የሰውዬው ድርሻ አልተከፈለም። ሄደሽ አይተሻቸዋል?»

አላየኋቸውም ነበር። እሳቸው ሞጣ አልነበሩም፤ ዘመድ ጋ ሄደዋል ተባለ፤ ይህንን ስሰማ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በዓሉን ዋልኩ፣ ዶሮ ወጥ በላሁ፣ ባሕር ዳር ተመለስኩ። የተቃጠለውን መልሶ ለመሥራት በየቦታው ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ክርስቲያኖችም ሲያዋጡ፣ እኔም ከጓደኞቼ ጋር አዋጣሁ። ማዋጣቱ ከመናገር በጣም ይቀላል፤ ስም አይጠይቅም።

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ሻንጣዬን ይዤ ሞጣ ገባሁ። እንግዲህ ምክንያት አለቀ፤ ጋሼም ተመልሰዋል። የቀድሞው ሱቅ ሳይሆን ከታች ጠባብ ክፍል ተከራይተው ጥቂት ጣቃ ደርድረዋል። ሦስት ቀን በበሩ አለፍኩ። በአራተኛው ቀን እናቴ «ጋሼ ጋ ያለብንን ሳንከፍል፣ ሱቃቸውም ነዶ… ሄደሽ አንድ ነገር በያቸው እንጂ» አለችኝ፤ እሷ የምታወራው ስለ ዱቤ ነው።

ጭምብል አድርጌያለሁ። እሳቸውም አድርገዋል፤ አገጫቸው ላይ።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?»

«አልሐምዱሊላህ። እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ቤት ሳለሁ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ መሀላቸው ላይ «ግን» አለባቸው። ደንግጬ ነበር ግን። ጊዮርጊስ ስለሆነ ነው ግን። አፌን ስከፍት ሁሉም ጠፋ። የሆነውን ብቻ ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ግሩፑን፣ የተጠየቅሁትን፣ የመለስኩትን።

«ይታወቃል እኮ?» አሉ፤ ቃሏን ቀስ ብለው እንደ ጨርቅ እየዳሰሱ።

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

ወደ ውጭ አዩ። አንድ ልጅ ጎማ እየነዳ አለፈ። ይቅር ብየሻለሁ አላሉም፤ አልተቆጡምም። እንባዬ ሊመጣ ሲል ያዝኩት፤ እዚያ ማልቀስ እሳቸው እንዲያባብሉኝ መጠየቅ መስሎ ታየኝ። ለስንት ጊዜ ዝም እንዳልን አላውቅም። አንዲት ሴትዮ ገብታ የነጠላ ዋጋ ጠየቀች፤ ነገሯት፤ ውድ ነው ብላ ወጣች። አልማሉላትም።

ከዚያ «ደብተሯ ተቃጥላለች» አሉኝ።

«የቷ?»

«የዱቤዋ። ማን ምን እንዳለበት አሁን የማውቀው ሰዉ ራሱ ሲነግረኝ ነው።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ጥቁሯ ደብተር። የእናቴ ገጽ፣ የጎረቤቶቻችን ገጾች፣ ምናልባት ያን ቀን መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ገጾችም።

«መጥተው የሚናገሩ አሉ?»

«አሉ» አሉኝ፤ አጥብቀው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ረስቻለሁ የሚሉም አሉ። ከፍያለሁ የሚሉም አሉ። ምን ላድርጋቸው? ቃላቸው ነው።»

መሳቢያውን ስበው አዲስ ደብተር አወጡ። ሰማያዊ ነው፤ የተማሪ ደብተር፤ የተጻፈበት ገና ሦስት አራት ገጽ ነው። እስክሪብቶውን ወረቀት ላይ ሞከሩት።

«እናንተስ ስንት ነበረባችሁ?»

እናቴ ጧት ነግራኛለች። ከአንደበቴ ቀድሞ «ጊዮርጊስን» መጣ፤ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«640 ብር» አልኩ።

የእናቴን ስም ጻፉ። ከጎኑ 640 ብለው ጻፉ። ቀና ብለው አላዩኝም፤ «እርግጠኛ ነሽ?» አላሉኝም።

«የወንድምሽ ዩኒፎርም አብሮ ነው፣ ወይስ ለብቻው?»

«አብሮ ነው» አልኳቸው።

አብሮ ብለው ጻፉ።